ፀጉር ይነጫል እንጂ አይነቀልም

ሥራዬ ቃል መረጣ ነው። ኮምቦልቻ፣ ሰባት ቁጥር ጤና ጣቢያ፣ ሦስተኛው መስኮት፣ ጥጋቡ ይማም ብለህ ጠይቅ። ሰው ይመጣና ሕመሙን እንደመጣለት ይነግረኛል፤ እኔ የነገረኝን መዝገቡ የምንለው ማሽን ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመዝገቡ ፋንታ ነው። ቃሉንና በሽተኛው ራስ ላይ የሚደፋው መለኪያ ቆብ ያነበበውን አይቶ የትኛው የአንጎል ቅመም እንደጎደለ፣ የትኛው እንደተረፈ ይወስናል፤ ጠብታው በማግስቱ ቤት ይደርሳል። "ቅመም" ያልነው እኛ ነን። ሐኪሞቹ ሌላ ስም ነበራቸው፤ ሕዝቡ ግን "ቅመሜ ወረደ"፣ "ቅመሟ በዛ" ማለት ከጀመረ ቆየ፣ አሁን ትምህርት ቤትም የሚያስተምሩት እንደዚያው ነው።

ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን መጥቶ ይቀመጥበት። አንዲት እናት "ሆዴ ባባ" ብላ መጣች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ "ሆድ" ብሎ አስገባላትና ሁለት ወር ሙሉ የአንጀት ጠብታ ስትወስድ ከረመች። ሴትዮዋ እኮ ልጇ ርቆባት ነው። መዝገቡን የሠሩት ሰዎች አማርኛን የለቀሙት ከወረቀት፣ ያውም ከአሮጌ ወረቀት ነው። "ልቤ ጠፋ" ስትለው የልብ ሐኪም ዘንድ ሊልክህ ይነሣል። ስለዚህ መሀል ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ቃል ጨርሶ ካልተገኘ "ያልታወቀ" የሚባል ቁልፍ አለ። እሱ ከተነካ ጉዳዩ ደሴ ይሄድና ደምና ሥጋ ያለው ሐኪም ያየዋል። ሦስት ወርም አራት ወርም ይጠበቃል። ስንት ጊዜ እንደነካነው በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ የነካ ይጠራና ይገሠጻል። በእኔ ስም አንጻር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጻፈው ዜሮ ነው። እኮራበት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ትንግርት ልጄ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ እቴነሽ ከሞተች ስድስት ዓመት ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስታጠና ከኋላዋ አለፍኩ። መሀል አናቷ ላይ መዳፍ የሚያህል ገላጣ አየሁ። ቆዳው ቀልቷል።

"ትንግርት፣ ይኼ ምንድነው?"

ቶሎ ብላ በእጇ ሸፈነችው። "ምንም።"

"ምንም ማለት ምን ማለት ነው? ቆረቆር ነው?"

"አይደለም አባዬ። እኔ ነኝ። እነቅለዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ፀጉሬን። ሸካራ ሸካራውን እጄ ይፈልገዋል። ካገኘው በኋላ ካልነቀልኩት አያስቀምጠኝም። ስነቅለው እፎይ እላለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ እንደገና።" መጽሐፏን ገለጠችልኝ። በሁለቱ ገጾች መሀል ፀጉር ከነሥሩ ተጠራቅሟል። "ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለመተው ያልሞከርኩት የለም። እጄ ላይ እቀመጣለሁ። ዛሬ አልነካም እላለሁ፤ ለካ እያልኩም እየነቀልኩ ነው። አንተ እንዳታይ ነው በዚህ በኩል የምጎነጉነው።"

እንግዲህ አባት የሆነ ሰው እዚህ ላይ ምን ይላል? ልጁን ያቅፋል፣ አይዞሽ ይላል። እኔ ያልኳት ሌላ ነው። "ጥርስ ይነቀላል፣ ጎመን ይነቀላል። ፀጉር ይነጫል እንጂ አይነቀልም" አልኳት። ልጄ ሁለት ዓመት የደበቀችውን ገመናዋን ስታወጣልኝ እኔ አማርኛዋን አረምኩላት።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ዘንድሮ ሰልፍ ላይ መድፋት የጀመሩላቸው ቆብ የሷን ቅመም ያልተስተካከለ ብሎታል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተመዝግባ ጠብታ ካልጀመረች ክፍል አትገባም። ለማንም እንደሚደረገው ቁጥር ይዛ በራሴ መስኮት መጣች። ከኋላዋ ሃያ ሰው ይጠብቃል። "መንጨት" ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ፣ ንጹሕ ቃል ነው። መዝገቡም አወቀው፦

"መንጨት፦ ሰው የሞተባት ሴት ፀጉሯን፣ ፊቷን። ጥልቅ ሐዘን። የሟች ስም ያስገቡ።"

እጄ ቆመ። "ያልታወቀ" የሚለው ቁልፍ እዚያው አጠገቤ ነው። ልነካው እችል ነበር። ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልነካሁትን ለገዛ ልጄ ብነካው ምን ይሉኛል አልኩ፤ ደግሞስ እናቷ ሞታለች አይደል፣ ሐዘን ቢሆንስ አልኩ። "እቴነሽ" ብዬ ጻፍኩ።

ትንግርት በመስኮቱ አጎንብሳ አየችው። "አባዬ፣ እማዬ አይደለችም እኮ። ስለ እማዬ ሳስብ ነቅዬ አላውቅም። ሒሳብ ስሠራ ነው፣ ምንም ሳላስብ ነው።"

"ቅጽ ነው፤ ዝም በይ" አልኳት።

ስሙን እንዲህ በቀላሉ የጻፍኩበት ምክንያት አለ። አሁን ለቅሶ በሰባት ጠብታ ነው የሚያልቀው። ድንኳን መጣል ቀርቷል፤ እዝን ይዞ የሚመጣ ጎረቤትም የለም፣ ምን ሊያደርግ ይመጣል። ሐዘንተኛው በቀን አንድ ሰዓት ጠብታውን በአፍንጫው እያደረገ የሟቹን ፎቶ ያያል፤ በስምንተኛው ቀን ሥራ ይገባል። ሟቹን አይረሳም። ስሙን፣ መልኩን፣ የት እንደኖረ ሲጠየቅ ይናገራል። የሚነሣለት ሌላው ነው። እኔም ለእቴነሽ ወስጃለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቤት የኖርን መሆናችንን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ስሟን ስጽፍ የመንገድ ስም የምጽፍ ያህል ነበር። ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ያን ጊዜ ጠብታ አይሰጠውም ነበር። ስለዚህ እቴነሽ በዚህ ዓለም ላይ የቀረችው ትንግርት ውስጥ ብቻ ነበር። ይኼን ያሰብኩት ካለቀ በኋላ ነው።

ትንግርትም ሰባቱን ጠብታ ወሰደች። በስምንተኛው ቀን ምሳ ላይ ትንግርት አረንጓዴ ሻርፕ አጣጥፋ አመጣች። ስትታመም የምትጠመጥመው፣ ማንም እንዲያጥብባት የማትፈልገው ሻርፕ ነው።

"ይኼን የሚፈልግ ሰው ካለ እንስጠው? የሴትዮዋ ነው።"

"የየትኛዋ ሴትዮ?"

"የሟቿ" አለችና ትንሽ አሰበች። "የእናቴ ማለቴ ነው።"

ፊቷ ላይ ምንም የለም። ቀኝ እጇ ግን ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል። አገኘ፤ ሳብ አደረገችው፤ ጫፉን በከንፈሯ ዳሰሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እናቷን ወሰድንባት፤ ነቀላው ደግሞ እንዳለ ነው።

በማግስቱ ወደ ሲስተር ራውዳ ወሰድኳት። ሲስተር ራውዳ መዝገቡ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ ነርስ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ሥራቸው ቆብ መድፋት ብቻ ነው። ፀጉሯን ገለጥለጥ አድርገው አዩ፣ ጣቶቿን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ እንድትቆይ ነግረው በሩን ዘጉ።

"ጥጋቡ፣ ይኼን ሐዘን ነው ያለህ ማነው?"

"መዝገቡ።"

"መዝገቡን ማን ነገረው?"

ዐይኔን ወደ ተዘጋው በር አዞርኩ።

"ድሮ በእጄ ያለፉ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ" አሉ። "አንጎል ውስጥ ጀምር የሚል አለ፣ በቃ የሚል አለ። የእነዚህ ሰዎች በቃ ባዩ ይሰንፋል። አንዱ ሐኪም ግሉታሜት የሚባለው ቅመም በዝቶባቸው ነው ይል ነበር፤ ሌላው የለም ዶፓሚን ነው ይል ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ጨርሶ ያወቀው ሰው አልነበረም። ብቻ ባለጌነት አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም። ደስ ብሏቸውም ይነቅላሉ። እጃቸውን ቀድመው እንዲይዙት የሚያስተምር ሕክምና ነበር፣ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ለወራት። ብዙዎቹ ቀሎላቸዋል።"

"ያስተምሩልኛ ታዲያ።"

"እኔ መቼ ተማርኩት። ያ የደሴው ሐኪም ነው የሚያውቀው። እሱ ዘንድ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ነው፤ 'ያልታወቀ'።" መነጽራቸውን አወለቁ። "በዘርም ይሄዳል። ከእናንተ ቤት ማን ነበረው?"

"ማንም የለም" አልኩ፤ ወዲያው እትዬ ብርነሽ ትዝ አለችኝ። የአባቴ እኅት ናት። ጥቁር ሻሽ ከራሷ ወርዶ አያውቅም፤ ስትተኛም፣ ስትታጠብም። ሲጠየቅ "ሐዘኗ አልወጣላትም፣ ፀጉሯን ነጭታ ነው" ይባላል። ለማን እንዳዘነች ግን አንዱ የመጀመሪያ ባሏን ይላል፣ ሌላው የሞተ ልጇን ይላል፤ እሷ የመጀመሪያ ባልም የሞተ ልጅም አልነበራትም። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሟች ሲፈልግላት ኖረ እንጂ አንድ ሰው ሻሹን ገልጦ ምን ሆነሽ ነው ያላት የለም። ቃሉን ከቤት ይዤው ነው የመጣሁት ለካ።

ለማረም ያላደረግኩት የለም። መዝገቡ ላይ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ መጨመር ብቻ ነው። አንድ ሰው ላይ አንዴ የታወቀ ቃል ተመልሶ ያልታወቀ አይሆንም። አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ "ቃል መራጩ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። የመረጠው ቃል ጸንቷል።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ትንግርት በበኩሏ ፀጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። "የሚነቀል ከሌለ አልነቅልም፣ አይደል አባዬ?" አለችኝ፤ ሳቅ ብላም ነበር። ለአራት ቀን ያህል ደስ አለን። በአምስተኛው ቀን ቅንድቧ ጎደለ። ከዚያ ሽፋሽፍቷ።

ትምህርት ቤት ሁለተኛ ለኳት፤ መዝገቡ እንዲህ አለ፦ "ሐዘኑ አልተነሣም። ሌላ ሟች አለ። ስም በዐሥር ቀን ውስጥ ካልገባ ወደ ማረፊያ ትዛወራለች።"

ማረፊያ ማለት የሰውን ስሜት ሁሉ አንድ ላይ የሚያነሡበት ቦታ ነው። ከሠፈራችን ጽጌ የምትባል ልጅ ሄዳ ተመልሳለች። ተቀመጪ ካሏት ትቀመጣለች፣ ተነሺ እስኪሏት ትቆያለች። እናቷ ስታጎርሳት "ዋጪ" ማለት አለባት። ፀጉሯ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ሐር ነው።

ስም መፈለግ ጀመርኩ። መዝገቡ የሟችን ስም በሕይወት ካሉት ስም ጋር አያመሳክርም፤ ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። የሚፈትነው በሌላ ነው። ቆቡ ተደፍቶላት ስሙ ይጠራል፤ ስሙ ሲጠራ ቅመሟ መንቀሳቀስ አለበት። አጎት ፈጠርኩላት፤ አልተንቀሳቀሰም፣ ተመለሰ። እትዬ ብርነሽን አስገባሁ፤ አላወቀቻትምና ተመለሰ። የክፍል ጓደኞቿን አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ሰው የሚያፍርበት ነገር ነው፣ ግን ሞከርኩ። ሁለት ዓመት ገላጣዋን ስትደብቅ ከሰው ርቃ ኖራለች፤ የአንዳቸውም ስም አላንቀሳቀሳትም። በዘጠነኛው ቀን ሲስተር ራውዳ ቆቡን ሳያነሡ "ጥጋቡ" ብለው ጠሩኝ፤ እኔን ማናገራቸው ነበር። የቆቡ ጠቋሚ መርፌ እስከ ጥግ ሄደ።

ቤት ስንደርስ ትንግርት ልብሷን ሳትቀይር መጣችና ፊቴ ቆመች።

"መርፌውን አይቼዋለሁ። ስምህን እንዳታስገባ።"

"ሌላ ምን አለኝ?"

"ማረፊያ ልሂድ።"

"ጽጌን አላየሻትም?"

"አይቻታለሁ። እሷ ምንም አታውቅም፣ ምንም አይሰማትም። እኔ ግን አንተን እያየሁ..." አልጨረሰችውም። "አባዬ፣ እማዬን አንተ እንደምትላት አይደለም እኔም አሁን የምላት? አንተንም እንደዚያ ልልህ ነው?"

"ትማሪያለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትስቂያለሽ" አልኳት። "የሚጎድልሽ አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"አንዱ ሰው አንተ ነህ እኮ" አለችኝ።

በዐሥረኛው ቀን ሥራ ገብቼ መስኮቴን ከመክፈቴ በፊት የራሴን ስም ጻፍኩ።

ፎቶ አላስፈለገም። ሰባት ቀን በየከሰዓቱ ወንበር ለወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጠብታውን የማደርግላት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ቤተሰብ ያድርግ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ሰዓቱን ሙሉ አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም። በሁለተኛው ቀን እጄን ያዘችና እንዳትለቀኝ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ስለ ትምህርት አወራን። አራተኛው ላይ እጇን ስሰጣት ያዘችው፣ ግን ላብ ስለነበረው በቀሚሷ ጠረገችው። በአምስተኛው ቀን "ገና ነው?" ስትል ጠየቀችኝ። በስድስተኛው ቀን ጠብታውን ሳነሣ "ይስጡኝ፣ እኔው አደርገዋለሁ" አለች።

ይስጡኝ። ሥራዬ ቃል ነው፤ እንደዚያች ቃል ግን የመታኝ የለም። በልጄ አፍ አንቱ ተባልኩ። ልቆጣት፣ ልስቅ፣ "ማን ነው እሱ ይስጡኝ የምትዪው" ልላት ብዬ ነበር፤ ጠብታውን ሰጠኋት። እሷ እኮ ምንም አላጠፋችም። ትልቅ ሰው ሲያናግሩ እንዲህ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

መዝገቡ በሳምንቱ "ሐዘን ዜሮ። ጉዳዩ ተዘግቷል" አለ። ትምህርት ቤት ተቀበሏት። ነቀላውን ማንም አላነሣውም፤ ሐዘን የሌለበት መንጨት መዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ቤት ውስጥ ተከባብረን መኖር ጀመርን። ስገባ ትነሣልኛለች። ምግብ ሳቀርብላት "አልቸገርዎትም?" ትላለች። ክፍሏ ስትገባ ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር እሰማለሁ። መጀመሪያ ቀን ለምን ይሆን አልኩ፤ ኋላ ገባኝ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከማታውቀው ወንድ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ናት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀና ሳልል "አርባ አንድ" ብዬ ጠራሁ።

"እንደምን አደሩ" አለች።

ትንግርት ናት። ተላጭቶ የበቀለው ፀጉሯ ሁለት ጣት ሆኗል፤ ግራው በኩል ገላጣ ነው። ወረቀቷን አስተካክላ መስኮቱ ላይ አደረገች።

"ቤት ልነግርዎት አስቤ ነበር። ደንቡ በመስኮት ነው ስላሉኝ ነው የመጣሁት።"

"ጉዳይሽ ምንድነው?" አልኳት። ለሁሉም የምለው ነው፤ ሌላ የሚባል አላገኘሁም።

"ወደ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ መዛወር እፈልጋለሁ። እርስዎ ክፉ ነገር አድርገውብኝ አይደለም። ደግ ሰው ነዎት፣ አባቴ እንደሆኑም አውቃለሁ። ብቻ ባዳ ቤት መኖር ከበደኝ።"

እያናገረችኝ እጇ ወጥቶ ግራው በኩል ይፈልጋል። አንድ ነቀለች፣ ሁለት ነቀለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ። እኔ የቃላቱን ዝርዝር እያየሁ ነው። "ናፍቆት" ብዬ ባስገባ መዝገቡ ቤቷ ትቆይ ብሎ ጠብታ ያዝላታል። "ኩርፊያ" ብል ለአንድ ዓመት ከእኔ ጋር እንድትኖር ይፈርዳል። ማንም አይጠይቀኝም፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ስሕተት ያልተገኘብኝ ሰው ነኝ። ልጄን ማስቀረት የሚችል ቃል ከጣቴ ሥር ነበር። ጣቴን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እያዛወርኩ ብዙ ቆየሁ፤ ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"ያልኩት ቃል የለም እንዴ?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት። "ባዳ" ብዬ እንዳለችው ጻፍኩ።

መዝገቡ ወዲያው አወቀው። "ባዳ፦ ዝምድና የሌለው። ማዛወር ተፈቅዷል።"

"ተፈቅዶልሻል።"

"ዛሬ መሄድ እችላለሁ?"

"ትችያለሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ዞር ልትል ስትል ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን አየችና ደነገጠች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጠረጴዛዎን አቆሸሽኩብዎት።"

"ተዪው" አልኳት። "ግድ የለም፣ ይቀመጥልኝ።"

ያልኩት የገባት አልመሰለኝም። በመዳፏ ጠርዝ ጠርጋ ጠርጋ ሰበሰበችው፣ የቁጥሯ ወረቀት ላይ አደረገችው፣ አንድም ሳታስቀር ጠቅልላ ይዛው ሄደች።